አንድ ፌርማታ

ሦስተኛው አውቶቡስ መጥቶ በሩን ፊቷ ላይ ከፈተ። ሚጢጢ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ ጎንበስ አለች። ማሰሪያው አልላላም ነበር።

«እመቤት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ፎቶ እናንሳሽ?» አለ ረዳቱ።

ከውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷም እንደ መሳቅ ብላ፣ ሂዱ ለማለት እጇን አወዛወዘች። አውቶቡሱ ሲርቅ ደረቷ ላይ የተጫናት ነገር ቀለላት፤ ወዲያው ደግሞ ከፋት። ደብተሯ ውስጥ ባለው፣ አማካሪዋ በሰጠቻት የልምምድ ደረጃዎች ወረቀት ላይ፣ «ብቻዬን አንድ ፌርማታ መሄድ» ከሚለው ጎን፣ ባለፈው ሳምንት ሳትሄድ ራይት አድርጋበታለች። ውሸቷን እውነት ለማድረግ የነበራት ዕድል ይኸው አለፈ። አባቷ ካወረዳት ፌርማታ ወደ አማካሪዋ ቢሮ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ወር በፊት፣ ሰው በታጨቀበት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ልቧ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ጣቶቿ ደነዘዙ። አለቀልኝ አለች። ሐኪሙ መርምሮ «ልብሽ ደህና ነው፤ ያስቸገረሽ ጭንቀት ነው» አላትና ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ላካት። ከዚያን ቀን ወዲህ አውቶቡስ ላይ ወጥታ አታውቅም። ልብስ ሰፊው አባቷ የደንበኛ ሱሪ ከነመርፌው ትቶ በሞተር ሳይክሉ ያደርሳታል፤ ይመልሳታል።

ታላቅ እህቷ እታለም ጋ ግን በዚያች ሞተር አይደረስም። እታለም በነርስነት ተቀጥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ዓመት ሊሞላት ነው፤ መንገዱ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ይፈጃል። ድሮ አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ እታለም የሚጢጢን እግር በእግሮቿ መሃል አጥብቃ ይዛ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ከፍሪጅ ነው የወጣሽው?» ትላት ነበር። አሁን ሚጢጢ ካልሲ አድርጋ ትተኛለች። ካልሲ ያሞቃል፤ ግን አይነጫነጭም።

እታለም በደወለች ቁጥር «ለዕረፍቱ ትመጫለሽ አይደል?» ትላለች። «ጥናት ካልበዛብኝ» ትላለች ሚጢጢ። ዕረፍቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

አማካሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ ራይቱን ስታይ ፊቷ በራ።

«ጎበዝ! እንግዲያው ወደ አራተኛው እንለፍ፤ አምስት ፌርማታ። እንዲህ ከቀጠልን ለዕረፍቱ እህትሽ ጋ ትደርሻለሽ።»

ዝም ብትል ያልፍ ነበር።

«አልተሳፈርኩም» አለች ሚጢጢ፣ ጠረጴዛውን እያየች። «ባለፈውም፣ ዛሬም። ዝም ብዬ ነው ራይት ያደረግኩት።»

«ለምን?»

«እንዲህ ደስ እንዲልዎት።»

አማካሪዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እኔን ማስደሰት ከደረጃዎቹ ውስጥ የለም እኮ። ይልቅ ዛሬ በሩ ሲከፈት ምን ሆንሽ?»

«ልቤ ደለቀ። አውቶቡሱ ሲሄድ ቀለለኝ።»

«አየሽ፣ የሚያታልልሽ እዚያ ላይ ነው። ስለሸሸሽ የዳንሽ ይመስልሻል። ብትቆዪም ቀስ እያለ ይበርድ ነበር፤ ግን እስኪበርድ ቆይተሽ አይተሽው አታውቂም።»

«ካልበረደስ?»

«ልብ እየደለቀም ቁጭ ማለት ይቻላል። ደስ አይልም፤ ግን ይቻላል።» ከወንበሯ ተነሳች። «ደረጃው ከፍ ብሎብሽ ይሆናል። ዛሬ አንድ ፌርማታ አብረን እንሂድ።»

አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጡት መስኮት ዳር ነው። በሩ ሲዘጋ የሚጢጢ ጣቶች ደነዘዙ።

«ፍርሃቱ ከአስር ስንት ነው?» አለች አማካሪዋ በለሆሳስ።

«ዘጠኝ።»

በግራ በኩል የረጅም መንገድ አውቶቡሶች ጣሪያቸው ላይ ሻንጣ እየተጫነ ቆመዋል። አንደኛው ወደ እታለም ከተማ የሚሄደው ነው። ሚጢጢ አንገቷን አዙራ፣ እስኪሰወርባት ድረስ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አሁንስ?»

«ስምንት... ተኩል።»

«ተኩልም አለው እንዴ?»

ሚጢጢ ሳታስበው ሳቀች። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ።

ቀስ እያሉ በእግራቸው ሲመለሱ፣ አባቷ ሸሚዙ ላይ ክር እንደተጣበቀበት ቢሮው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አማካሪዋ ተሰናብታቸው ገባች።

«አባዬ፣ ሐሙስ ወደ ቀጠሮዬ እንዳታደርሰኝ። ብቻዬን አንድ ፌርማታ እሞክራለሁ።»

አባቷ የሞተሩን መስታወት በእጅጌው ይወለውል ጀመር። ንጹሕ ነበር።

«ቢያምሽስ?»

«ሊያስፈራኝ ይችላል። አንተ ግን ሥራህ ላይ ሁን። እሺ?»

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አለ ቀና ብሎ ሳያያት። «ደንበኞቼም ሊታረቁኝ ነው ማለት ነው።»

ሞተሩን እስኪያስነሳ ሚጢጢ ስልኳን አወጣች። ለእታለም «ጥናት» ብላ ጀመረችና አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፦ «ጥናት አይደለም እታለም፣ አውቶቡስ እየፈራሁ ነው። ለዕረፍቱ ላልደርስ እችላለሁ። ግን መንገድ ጀምሬያለሁ።»

ላከችውና ከአባቷ ኋላ ተቀመጠች።