ልቤ ያልደረሰበት ቃል

ዲና ላጲሶ በረከትን ያወቀችው ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ የስፌት መኪና መርፌ የጓደኛዋን የሣባን ጣት የወጋ ዕለት ነው። ሣባ ስትጮህ ዲናም «ኢየሱስ አምላኬ!» ብላ ጮኸች። መካኒኩ በረከት ሮጦ ደረሰ፤ መኪናውን አጠፋና መዘውሩን በእጁ ቀስ አድርጎ እያዞረ መርፌውን አወጣላት።

ሣባን ወደ ክሊኒክ ከሸኟት በኋላ ዞር ብሎ ዲናን አያት።

«ቅድም የጠራሽው ሰው ይሰማሻል?» አላት። እያሾፈ አልነበረም።

«ሰው ብቻ አይደለም» አለችው። «ደግሞ ይሰማኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰርቪስ ውስጥ አጠገቧ ይቀመጥ ጀመር። ወሬው ጥቂት ነው፤ ጎሮ ላይ ስትወርድ በመስኮት የሚከተላት ዓይኑ ግን ብዙ ይናገራል። ዓመት ሳይሞላ ተዋደዱ።

ጭንቀቱ የመጣው ሽማግሌ የመላክ ነገር ሲነሳ ነው። የዲና አባት አቶ ላጲሶ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ልጃቸውን ለሚጠይቅ ሰው ያላቸው ዋና ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑን ዲና ታውቃለች። በረከት ደግሞ ክርስቶስን ደግ መምህር ከማለት አልፎ አያውቅም።

«አምላኬ ነው በላቸው በቃ!» ብላ ለመነችው። «አንድ ቃል እኮ ነው!»



እሑድ ከሰዓት በረከት ከሽማግሌዎች በፊት ራሱ ጎሮ ቤታቸው ሄደ። አቶ ላጲሶ ስለ ሥራውና ስለ ቤተሰቡ ጠያየቁት፤ ከዚያ የተፈራው መጣ።

«ልጄ፣ ክርስቶስ ላንተ ማን ነው?»

በረከት ዲናን አየት አደረጋት። አቀርቅራለች።

«ጋሼ፣ ታላቅ መምህር ነው እላለሁ። አምላክ ነው ለማለት ግን ልቤ አልደረሰም። ዲናን ከነፍሴ እወዳታለሁ። እሷን ለማግኘት ብዬ ግን በእርስዎ አምላክ ስም አልዋሽም።»

ዲና እንባዋ ቀደማት፤ ተነስታ ጓዳ ገባች።

አቶ ላጲሶ ዓይናቸውን ከጓዳው በር መልሰው በረከትን አዩት። «ልጄን አልድርልህም» አሉት። «ግን እንዳንተ ያለ እውነተኛ ሰው ከቤቴ እንዲርቅ አልፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ ና፤ ወንጌል አብረን እናንብብ።»

መጣ። ስምንት ወር ሙሉ ተመላለሰ። ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ተናዶ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ግን በሩን ያንኳኳል። ዲና መጀመሪያ አኩርፋው ነበር። እያደር ግን ገባት። ያን እሑድ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሜ ልኳን «እወድሻለሁ» ሲላት እንኳ በምን ታምነው ነበር?

አንድ ቅዳሜ ቀረ። ስልኩም ተዘጋ፤ ሰኞ ሥራም አልገባም። ዲና ቀናቱን በጭንቀት ገፋች። ረቡዕ ላይ «ከሥራ በኋላ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ምግብ ቤት እንገናኝ» የሚል መልእክት ላከላት።

«የት ጠፍተህ ነው?» አለችው፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ሆሳዕና ከተማ፣ ወንድሜ ጋ። ስድስት ዓመት ተኳርፈን ነበር።» ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ዲና፣ እስከ ዛሬ ስለ ክርስቶስ ነበር የማነበው። ሰሞኑን ሳላስበው ራሱን ማናገር ጀመርኩ። መኪና ስጠግን፣ ሰርቪስ ስጠብቅ... ወንድሜን ይቅር ማለት አቅቶኝ ‹አልችልም፣ አንተ እርዳኝ› አልኩት። ቻልኩ። ለሞተ መምህር እንዲህ የሚያወራ ማን አለ?»

ቀና ብሎ አያት።

«ክርስቶስ ጌታዬ ነው፤ አምላኬ ነው። ይህን የምልሽ ብታገቢኝም ባታገቢኝም ነው።»

ዲና እጁን ያዘችው።

ምግቡ ሲቀርብ በረከት አንገቱን ደፍቶ ጸለየ። ቃላቱ ተደነቃቀፉ፤ አሜን የት ላይ እንደሚባል የጠፋው ይመስል ጸሎቱ ረዘመ። ዲና ዓይኗን ገልጣ አየችው። እንደዚያን ቀን ወዳው አታውቅም።

«በል አባዬ ጋ ደውል» አለችው።

«ልብላና?»

«ደውል!»

ደወለና ያንኑ ቃል ነገራቸው። 

«ሽማግሌ ላክ» አሉት አቶ ላጲሶ። «ደግሞ ቅዳሜ እንዳትቀር፤ የዮሐንስን ወንጌል ገና አልጨረስንም።»