ከኤንትሬው ጋቢና የጠፋችው ድመት

ሮማን የጋቢናውን በር ስትከፍት ድመቷ የለችም።

የሳምባ ፍትፍት የያዘውን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ከመቀመጫው ሥር አየች፤ ከመሪው በታች አየች፤ አሮጌውን ብርድ ልብስ አውጥታ አራገፈችው። ምንም የለም። መስኮቶቹ በሽቦ ወንፊት እንደተዘጉ ናቸው። በሩንም ቢሆን ከውጭ ተቀርቅሮ ነው ያገኘችው። ድመት ብዙ ነገር ትችላለች፤ ከወጣች በኋላ ዞራ በሩን መቀርቀር ግን እስካሁን አልተማረችም።

ጋቢናው የአንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። መኪናው መርሳ ከተማ ዳር፣ በጋሽ ዘውዱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጎማው መሬት ውስጥ ሰምጧል። ጋሽ ዘውዱ ሠላሳ ዓመት ነድተውታል። አልነሳም ባለበት ዓመት አንዲት ድመት ሞተሩ ውስጥ ወለደች፤ እሳቸውም እሷን ከማስነሳት መኪናውን መተው ቀለላቸው። አሁን ግቢው ውስጥ ሃያ ስድስት ድመት አለ። የከተማው ሰው «የድመት ቤት» ይለዋል። ጋሽ ዘውዱ ግን እስከ ዛሬ «ጋራዡ» ነው የሚሉት።

ድመቶቹ ከየት እንደሚመጡ ለማንም ምስጢር አይደለም። እዚህ አካባቢ ድመቱ የሰለቸችው ሰው አይገድላትም፤ ነውር ነው፣ ገድም የለውም። ኬሻ ውስጥ ይከታትና ለሚኒባስ ረዳት ይሰጣታል። የወልድያዋ ድመት መርሳ ትጣላለች፤ የመርሳዋ ውርጌሳ። በዚህ ዓይነት የማንም ከተማ ድመት አይቀንስም፤ አገር ብቻ ይለዋወጣሉ። የጠፋችው ዳልቻዋም ባለፈው ሰኞ ከወልድያ በኬሻ መጥታ ነው መናኸሪያ ላይ የተጣለችው። ጋሽ ዘውዱ በባዶ እጃቸው ከኬሻው ሲያወጧት እስከ ክርናቸው ቧጨረቻቸው።

አዲስ ድመት አሥር ቀን ጋቢናው ውስጥ ለብቻዋ ትቆያለች፤ ይህ የግቢው ሕግ ነው። ባደረች ቁጥር በሩ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ይሰመራል። የዳልቻዋ መስመር ገና ሦስት ነበር።

«ዳልቻዋ በላች ወይ?» አሉ ጋሽ ዘውዱ ከወዲያ፣ ጉልበታቸውን ይዘው በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ።

«በልታለች» አለች ሮማን።

ለምን እንደዋሸች ለራሷም ወዲያው አልገባትም። በሩን መልሳ ቀረቀረችው። ሮማንና ጓደኛዋ ቤዛዊት ከስድስተኛ ክፍል ጀምረው እዚህ ይሠራሉ፤ አሁን ስምንተኛ ናቸው። አሸዋ ይቀይራሉ፣ ውሃ ይሞላሉ፣ ያበጠ ዓይን በለብ ያለ የጨው ውሃ ያጥባሉ። ከሰዓት የሮማን ተራ ነው። ጠዋት የቤዛዊት።

ውሸቱ የወጣው ጓደኛዋን ላለማስጠየቅ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም ወረቀቱ አለ። አምና ጎረቤት ከሶ የቀበሌ ሰዎች መጥተው ነበር። ግቢውን ዞረው አዩ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ በመጨረሻም ጋሽ ዘውዱን አስፈረሟቸው፦ ድመቶቹ ሰው ከነከሱ ግቢው ይዘጋል፣ ድመቶቹም ይወገዳሉ። «ይወገዳሉ» የሚለውን ቃል ጋሽ ዘውዱ ሦስት ጊዜ አንብበው ነው የፈረሙት።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ቤዛዊት ቀኝ እጇን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ትምህርት ቤት መጣች። በግራ እጇ የጻፈችው ሒሳብ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ሮማን እረፍት እስኪደርስ ጠብቃ ከውሃው ቧንቧ ኋላ ወሰደቻት።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ዘይት ነው። ድንች ስጠብስ ፈነጠቀብኝ።»

«ፍቺውና ልየው።»

«አቦ ተይኝ በናትሽ!»

ሮማን አልተወቻትም፤ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ሳበችው። ከአውራ ጣቷ ሥር ሁለት ጠለቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዙሪያቸው አብጧል። ዘይት እንደዚህ አይበሳም።

«ዳልቻዋ ናት?»

ቤዛዊት ዞር ዞር ብላ አየች። «ቀስ በይ! ትናንት ጠዋት ሳህኑን ላነሳ እጄን ስሰድ ነው። ምንም አላደረግኳትም እኮ።»

«እና አሁን የት አለች?»

«ሰደድኳት። ብርድ ልብሱን ጥዬባት ኬሻ ውስጥ ከተትኳትና ለሚኒባስ ረዳቱ ለፍቅሩ ሰጠሁት። ውርጌሳ ይጥላታል።»

ነገሩን የተናገረችው ቆሻሻ ደፋሁ እንደማለት ነው። ሮማንም ብትሆን እንደዚያው ታደርግ እንደነበር አልጠፋትም። ችግር ያመጣች ድመት በኬሻ ትሄዳለች፤ ሁለቱም ሲያዩ ያደጉት ይህንኑ ነው።

«ለጋሽ ዘውዱ መንገር አለብን።»

«አብደሻል? ቀበሌ ከሰማ አለቀ። ሁሉንም መርዝ ያበሏቸዋል። ለዚች ንክሻ? በሦስት ቀን ይድናል።» ቤዛዊት ባልተጠቀለለው እጇ ክንዷን ጨብጣ ያዘቻት። «ማርያምን አልናገርም በይ።»

«ቤዚ…»

«ማርያምን በይ!»

«ማርያምን» አለች ሮማን። ደወሉ ተደወለ።

ማርያምን ተብሎ የተገባ ቃል እንደ ሌላ ቃል አይደለም። የሮማን እናት እንኳን «ማርያምን» ከተባለች በኋላ ጥያቄ አታበዛም። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ውስጧን ይበላው ነበር። ረቡዕ ከሰዓት የዳልቻዋ አገጭ በለሃጭ ርሶ አይታለች፤ ውሃውም ሳይነካ እንደሞላ ነበር። ጥርሷን አሟት ይሆናል ብላ አለፈችው። በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረባትና ቸኩላለች። አሁን ባስታወሰችው ቁጥር በራሷ ትበግን ጀመር።

ከትምህርት በኋላ ግቢው ስትደርስ ጋሽ ዘውዱ ሳምባውን እየቀቀሉ ነው። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ስለማይከፈቱ በእነዚህ ቀናት ቁርጥራጩን የሚሰጧቸው ባለ ሥጋ ቤቱ ጋሽ ዓሪፍ ናቸው። ድመቶቹ ማን እንደባረከው አይጠይቁም። አንዷ ወፍራም ድመት ግንባሯን ከድስቱ አጠገብ ደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ የተኛች ለመምሰል ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አሉ ጋሽ ዘውዱ በማማሰያው ገፋ እያደረጓት። እጃቸው ላይ የሰኞው ጭረት ጠቁሮ ይታያል።

«ጋሽ ዘውዱ፣ አዲስ ድመት ለምንድን ነው አሥር ቀን የምናቆያት?»

«ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ ነው ጠመኔ ስትጭሪ የኖርሽው?» ሳቁ። ሮማን ሳትስቅ ስትቀር የእሳቸውም ሳቅ ቆመ። «በሽታ ይዛ መጥታ እንደሆነ ለሌሎቹ እንዳትሰጥ ነዋ። ሰው የነከሰች እንደሆነ ደግሞ አሥር ቀን በዓይን ትጠበቃለች። በደህና ከጨረሰች ሰውየው እፎይ ይላል። ከሞተች ግን መርፌውን መጨረስ አለበት።»

«ድመት ታብዳለች እንዴ? ውሻ እኮ ነው የሚያብደው።»

«ያበደ ውሻ ከነከሳት ምን ይከለክላታል?» ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋድመው አስቀመጡት። «በነዳሁበት ዘመን ባቲ ላይ ረዳቴን ውሻ ነከሰው። ቁስሏ ትንሽ ናት። በአረቄ አጠብንለት፣ ቀለድንበት፣ ጉዟችንን ቀጠልን። በሁለተኛው ወር ውሃ ሳቀብለው ጉሮሮው አልቀበል አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ። ሐኪሙ፣ በሽታው ሳይጀምረው ብታመጣው መርፌው ያድነው ነበር፤ ከጀመረው በኋላ ግን የሚያድነው የለም አለኝ። እሱም እኮ የሰው ልጅ ነበር።» ቀና ብለው አዩዋት። «ምነው? የሆነ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም» አለች።

ሳህኖቹን አከፋፈለች፣ ውሃ ሞላች፣ ወደ ጋቢናውም ሳህን ይዛ ሄዳ ድመቷ ያለች ለማስመሰል በሩን ከፍታ ዘጋች። ከዚያ እየሮጠች መናኸሪያ ሄደች።

የሚኒባሱ ረዳት ፍቅሩ አንድ የማንጎ ሣጥን ጣሪያ ላይ እያሰረ ነበር። ቤዛዊትንም ሮማንንም ከልጅነታቸው ያውቃቸዋል፤ የሰፈራቸው ልጅ ነው።

«ፍቅሩ፣ የትናንቷን ድመት ውርጌሳ የት ጣልካት?»

«የት ደርሳ! ኬሻው ውስጥ ስታጓራ ተሳፋሪው አላስቀምጥ አለኝ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ገልብጬ ዘረገፍኳት።» ገመዱን ጥርሱ ውስጥ ይዞ ሳቀ። «ሰክራ የለ እንዴ? የኋላ እግሯ እየተጎተተ፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ… ምን አብልታችኋት ነው?»

«አልነከሰችህም?»

«እኔን? በእጄም አልነካኋት።»

ሮማን መንገዱን ይዛ ልፈልጋት ብላ አሰበች። ግን አግኝታት ምን ልታደርግ ነው? የኋላ እግሯ የሚጎተት ድመት አሥር ቀን አትጠበቅም። የሚጠበቅ ነገር አልቀረም። ፈራች፣ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

የቤዛዊት እናት እትዬ ንግሥት ዋናው መንገድ ላይ ስኳርና ሳሙና የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ቤዛዊት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሮማንን ስታይ ተነሥታ ወደ ሱቁ ጎን ሳበቻት። ሮማን ፍቅሩ ያለውን፣ ጋሽ ዘውዱ ያሉትን፣ ረቡዕ ራሷ አይታ ዝም ያለችውን፣ ሁሉንም ነገረቻት። የቤዛዊት ከንፈር አመድ መሰለ።

«ማርያምን ብለሻል» አለች ቀስ ብላ።

«ብያለሁ።»

«እና?»

«ወይ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ። እሷው ማርያም ትፍረድብኝ።»

ቤዛዊት የተጠቀለለ እጇን አየችው። «እሺ፣ መርፌውን እወጋለሁ። ግን የመንገድ ድመት ናት እንበል። በናትሽ ሮሚ። ማን ያውቃል? እኔም እድናለሁ፣ ድመቶቹም አይነኩም።»

ሐሳቡ ለሮማን ክፉ አልመሰላትም። እንዲያውም የሆነ ሸክም ከትከሻዋ ወረደ። ተከታትለው ወደ ሱቁ ገቡ።

እትዬ ንግሥት ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ጮሁ፣ ቀጥለው ልጃቸውን ተቆጡ፣ ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ሳሙና አውርደው እጇን ቧንቧ ሥር ይዘው አሽተው አሽተው አጠቡት። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለው ሦስቱም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ቁስሉን በደንብ አየች። መቼ እንደሆነ ጠየቀች። የድመቷን ሁኔታ ሲነግሯት ፊቷ ጨፈገገ፤ ግን አላስደነገጠቻቸውም። «ደግ አደረጋችሁ መጣችሁ። ዛሬውኑ እንጀምራለን፤ መርፌው በአንድ ቀን አያልቅም፣ በቀጠሮሽ ሳትቀሪ ትመጫለሽ» አለችና መዝገቧን ገለጠች። «ድመቷ የማን ናት?»

«የመንገድ ናት» አለች ቤዛዊት ፈጠን ብላ።

«እንዲያ ከሆነ አንቺን ብቻ ነው የምመዘግበው። ሌላ የነከሰችው ወይ የቧጨረችው ሰው የለም አይደል?»

እትዬ ንግሥት «ምኑን አውቀን» አሉ። ቤዛዊት ሮማንን አየቻት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አደራ የሚል ነው። ሮማን ግን የታያት የጋሽ ዘውዱ እጅ ነበር። ያ የጠቆረ ጭረት። ዛሬ ማታም ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን በዚያው እጅ ያሻሉ፤ ምንም አያውቁም። የቀሩት ሃያ አምስቱ ድመቶችም ታዩዋት፤ ያቺ ወፍራሟ የተኛች እየመሰለች፣ ዓይናቸውን ያጠበቻቸው ሁለቱ ግልገሎች። ከዚያም «ይወገዳሉ» የሚለው ቃል። ልታለቅስ ፈለገች፤ ግን ነርሷ እስክሪብቶዋን አንሥታ መልስ እየጠበቀች ነው።

«የመንገድ አይደለችም» አለች ሮማን። «የእኛ ናት።»

«የእኛ ማለት የማን?»

«የጋሽ ዘውዱ ግቢ ድመት ናት። እኔና ቤዛዊት ነን የምንጠብቃት። ሰኞ እሳቸውንም ቧጭራቸዋለች።»

ቤዛዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እትዬ ንግሥት አንዴ ልጃቸውን አንዴ ሮማንን ያያሉ። ነርሷ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፤ ከሥሩ ሌላ መስመር ጀመረች።

«ስልካቸውን ታውቂዋለሽ?»

ሮማን በቃሏ ታውቀዋለች። ቀስ እያለች ቁጥሩን መናገር ጀመረች።