የሙላው ፋሻ

ፈየራ በጎል ጠባቂነት ዘመኑ ከኳስ ሸሽቶ አያውቅም። የዚያን ጧት ግን ከአሶሳ ሜዳ በእግሩ ሮጦ ባምባሲ ቢገባ ደስ ባለው። ሙላው የጎሉ አግዳሚ ብረት ጭንቅላቱ ላይ ወድቆበት ሞቶ ተዘርሯል። ታኬታውን አጥልቋል፤ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ ታስሯል። የጎሉን ብሎን በየጊዜው የሚያጠብቀው ደግሞ የሜዳው ጠባቂ ፈየራ ነው።

ደርግ ወድቆ ክለቦቻቸው ሲፈርሱ ከአዲስ አበባ የተመለሱት ተጫዋቾች አራት ነበሩ። ሙላው፣ ፈየራና ዐብዱልቃድር በአንድ ክለብ ተጫውተዋል፤ ይልቃል የተቀናቃኙ ክለብ ተከላካይ ነበር። ጭብጨባ እንጀራ አይሆንም። ዐብዱልቃድር ጨው ቸርቻሪ፣ ይልቃል የሰው ቤት ዘበኛ ሆነው ሳሉ፣ አዲሱ ክልል ለቡድኑ አሠልጣኝ ፈለገ። አራቱም ተመኙት፤ ቦታው ለሙላው ወጣ።

መርማሪ ሸዋነሽ ተንበርክካ የሟቹን ታኬታ አወለቀች። ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ዳሰሰች፤ ግራው ላይ እጇ ቆየ።

«ብሎኑ አልተሰበረም፤ ተፈትቷል» አለች። «መፍቻው የማን ነው?»

«የእኔ። ግን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ያሻው ያነሣዋል።» ፈየራ የገዛ ድምፁ የወንጀለኛ ድምፅ መሰለው።

«ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ከሚስቴ ከቃናኒ ጋር። እርጉዝ ናት።»

«ሌላ ያየህ ሰው?»

«የለም።»

ከሰዓት በኋላ ቦታውን ተመኝተው ያጡትን ሦስቱን መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«የሙላው የታመመው እግር የትኛው ነበር?»

«ቀኙ ነዋ» አለ ይልቃል ቀድሞ። «እኔን ጠይቂ፤ በየጨዋታው ያንን እግር ነበር የማሳድደው።»

ዐብዱልቃድር ፈየራን አየው። ፈየራ በልቡ አሰላ። ቢናገር «ይህን ያህል እንዴት አወቅህ?» ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ዝምታው ሊያሳስረው። ቃናኒ ትዝ አለችው።

«ግራው ነው» አለ። «ግጥሚያ ሲሆን ደህናውን ያስርና ተከላካዮች እሱን ሲረግጡ ይውላሉ። ምስጢሩን የምናውቀው እኛ የክለቡ ልጆች ነን። ብቻውን ሲለማመድ ግን ማንን ያታልላል? ግራውን ነበር የሚያስረው።»

«ወላሂ፣ እውነቱን ነው» አለ ዐብዱልቃድር።

ሸዋነሽ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «የግራው አጥንት ተሰብሮ ጠምሞ የገጠመ ነው፤ ቀኙ እንከን የለውም። ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሣሩ ላይ ደም የለም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ተገድሎ ነው ወደ ሜዳ የመጣው። ገዳዩ ሲለማመድ ሞተ እንዲባል ብሎኑን ፈታ፣ ታኬታ አጠለቀለት። ሙላው ያለ ፋሻ ሜዳ እንደማይገባም ያውቃል፤ ፋሻ አሰረለት። የክለቡ ልጅ ቢሆን ግራውን ባሰረ። ይህ ሰው ግን ቀኙ ታማሚ መሆኑን ከልቡ ያምን ነበር።»

ሁሉም ወደ ይልቃል ዞሩ። ይልቃል አግዳሚው ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ግራው ነበር?» አለ። ስለ እስሩ አልጠየቀም። «ያን ሁሉ ዓመት ደህናውን እግር ነው የመታሁት?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው፤ ሸዋነሽም ተከተለች።

ፈየራ እፎይ ሊል ነበር። ቀና ሲል ግን ዐብዱልቃድር እያየው ነው። የአሠልጣኙ ቦታ ባዶ ነው፤ የቀሩትም ሁለቱ ብቻ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን ባንድ ሳህን በልተው አሁን በዐይን ተመዛዘኑ።

ፈየራ ሲወጣ መፍቻውን ከበሩ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተ፤ ከእንግዲህ ያሻው አያነሣውም።