የአባባ ስኳር ድንች በስንት ጨዋታ ይበስላል?

ሩሐማ ሰዓት ማንበብ አትችልም። ሰኞ ማክሰኞ መጫወት ግን በደንብ ትችላለች።

ግቢው መሬት ላይ ሰባት ሳጥን ትስላለች። ጠጠሯን ትወረውርና በአንድ እግሯ ትዘላለች።

ሰኞ፣ ጧ! ማክሰኞ፣ ጧ! ረቡዕ፣ ጧ! ሐሙስ፣ ጧ! ዓርብ፣ ጧ! ቅዳሜ፣ ጧ! እሁድ፣ ጧ ጧ!

ጠጠሯ ከሰኞ እስከ እሁድ ሁሉንም ሳጥን ሲያዳርስ አንድ ጨዋታ አለቀ።

እናቷ ስኳር ድንች ኦቨን ውስጥ ስትከት ሩሐማ መጫወት ትጀምራለች። አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ጨዋታ፣ ሦስት ጨዋታ፣ አራት ጨዋታ።

አራተኛው ሲያልቅ እናቷ በመስኮት ትጠራታለች። «ሩሐማ! ደርሷል!»

ስለዚህ ሩሐማ ታውቃለች። ስኳር ድንች በአራት ጨዋታ ይበስላል።

አንድ ቀን አያቷ አባባ ዳና ከገጠር ወደ ሶዶ ከተማ መጡ። በፌስታል ሦስት ትልልቅ ስኳር ድንች ይዘው ነበር። እያንዳንዱ ጫማ ያህላል።

«ከጓሮዬ ነው የቆፈርኩት» አሉ።

አባባ ዳና የመጡት ጥርስ ሊነቀሉ ነው። ሦስት ጥርስ ነበራቸው። ሐኪሙ ሁለቱን ነቀለ። አንድ ብቻ ቀረ።

«ዛሬ ለስላሳና ለብ ያለ ነገር ብቻ ይብሉ» አላቸው ሐኪሙ።

አባባ ዳና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጉንጫቸው አብጧል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበሉም።

ሆዳቸው «ጉር… ጉር…» ይላል።

ቤት ውስጥ ዳቦ ነበረ። ዳቦው ግን ደርቋል። ቆሎም ነበረ። ቆሎ በአንድ ጥርስ እንዴት ይታኘካል?

«ያንን ስኳር ድንች ብታበስሉልኝ» አሉ አባባ።

ምድጃው ግን ከትናንት ጀምሮ ተበላሽቷል። ላዩም አይሞቅም፤ ከሥሩ ያለው ኦቨንም አይሞቅም። ከሰሉም አልቋል። እማዬ ደግሞ ሥራ ላይ ናት።

«ማይክሮዌቩስ?» አለች ሩሐማ።

ታላቅ እህቷ ማሕደር ቀና ብላ አየች። ማይክሮዌቩ ፍሪጁ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ።

አክስት ዝናሽ ስጦታ ከሰጠቻቸው ጀምሮ ምንም አልበሰለበትም። እማዬ «ለእንግዳ ነው፣ አትንኩት» ትላለች።

ጉር… ጉር… አለ የአባባ ሆድ።

ማሕደር አበባውን አነሳች። ዳንቴሉን አጠፈች። ማይክሮዌቩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሰካችው።

ግድግዳው ላይ እማዬ የጻፈችው ወረቀት አለ። «ስኳር ድንች፦ 40 ደቂቃ» ይላል።

«አርባ ይላል፤ አርባ እሞላለሁ» አለች ማሕደር።

ጢ! ጢ! ጢ! ማይክሮዌቩ «ዝዝዝዝዝ» ማለት ጀመረ።

ሩሐማ ወደ ግቢ ወጣች። አንድ ጨዋታ ጨረሰች። ሁለተኛውን ጀመረች። ረቡዕ ላይ በአንድ እግሯ እንደቆመች አንድ ነገር ሸተታት።

«ማሒዬ! የሆነ ነገር እያረረ ነው!»

ማሕደር ሮጣ አጠፋችው። ስኳር ድንቹ ጠቁሯል። ተኮማትሮ የሩሐማን ጡጫ አክሏል።

ማሕደር በማንኪያ መታችው። «ኳ! ኳ!»

አባባ ዳና ከሳሎን ድምፁን ሰሙ። «ግቡ! በሩ ክፍት ነው!» አሉ።

«በር አይደለም አባባ! የእርስዎ ስኳር ድንች ነው!» አለች ሩሐማ።

ጉር… ጉር… አለ የአባባ ሆድ። አሁን የቀረው ሁለት ስኳር ድንች ነው።

ማሕደር አክስት ዝናሽ ጋ ደወለች። አክስት ዝናሽ ሐዋሳ ውስጥ ካፌ ቤት ታበስላለች።

«ስንት ደቂቃ ሞላሽ?» አለች አክስት ዝናሽ።

«አርባ።»

«አርባ! አንቺ ልጅ፣ ስኳር ድንቹ ምን በደለሽ?»

ሩሐማ ሳቀች። ማሕደር በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አርባ የኦቨን ነው» አለች አክስት ዝናሽ። «ማይክሮዌቭ ይፈጥናል። የኦቨኑን ደቂቃ ለአራት አካፍይው። አርባ ለአራት ስንት ነው?»

«አሥር።»

«አዎ፣ አሥር። እሱም ሳይሞላ ከፍተሽ እዪው። ያልበሰለ ይጨመርለታል፤ ያረረውን ግን ማን ይመልሰዋል? ደግሞ ሲወጣ ወዲያው…»

ስልኩ ጠፋ። ባትሪው አልቋል።

«ሲወጣ ወዲያው ምን?» አለች ሩሐማ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ማሕደር። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካችው።

ሩሐማ ጣቶቿን አየች። «ማሒዬ፣ አራት ጨዋታ ለአራት ሲካፈልስ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? ሳልጠግብ እኮ አለቀ!»

ማሕደር ሁለተኛውን ስኳር ድንች ከተተች። ጢ! ጢ! «ዝዝዝዝዝ።»

ሩሐማ ወጣች። ሰኞ፣ ጧ! ማክሰኞ፣ ጧ! ረቡዕ…

ቧ!

«ይሄ የኔ እግር አይደለም» አለች ሩሐማ።

ወደ ቤት ሮጠች። ስኳር ድንቹ ፈንድቷል! ማይክሮዌቩ ውስጥ ላይም ስኳር ድንች፣ ታችም ስኳር ድንች፣ በሩም ላይ ስኳር ድንች።

አሁን የቀረው አንድ ብቻ ነው። ሩሐማ የቀረውን ስኳር ድንች በሁለት እጇ አቀፈችው።

«እሱም ከተበላሸ አባባ ምን ይበላሉ?»

አባባ ዳና ጉንጫቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። ወደ ማይክሮዌቩ ጎንበስ ብለው አዩ።

«እንዲህ አድርጋችሁ ለግድግዳው አበላችሁታ!» አሉ።

ሩሐማ አልሳቀችም። አባባ ራሷን ዳበሱ።

«ሩሐማዬ፣ ድስት ውስጥ ውሃ ሲፈላ ክዳኑ ምን ይሆናል?»

«ይንጣጣል!»

«ለምን?»

ሩሐማ አሰበች። «እንፋሎቱ መውጣት ፈልጎ!»

«እና የስኳር ድንቹ እንፋሎት በየት ይውጣ? በር ክፈቺለት እንጂ!»

ሩሐማ ሹካ አመጣች። ማሕደር ስኳር ድንቹን ያዘችላት። ጭቅ! ጭቅ! ጭቅ! ትንንሽ በሮች ተከፈቱ።

ማሕደር ማይክሮዌቩን ወለወለች። ሹካውን ወደ ጎን አስቀመጠች። ብረት ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም። የመጨረሻውን ስኳር ድንች በሸክላ ሳህን ከተተች።

«ጠጠሬ ቅዳሜ ሲደርስ እንየው» አለች ሩሐማ። «እስከ እሁድ አንጠብቅ።»

«ስለዚህ ስምንት ደቂቃ» አለች ማሕደር። ጢ! «ዝዝዝዝዝ።»

ሰኞ፣ ጧ! ማክሰኞ፣ ጧ! ረቡዕ፣ ጧ! ሩሐማ ቆም ብላ አዳመጠች። ምንም አልፈነዳም።

ሐሙስ፣ ጧ! ዓርብ፣ ጧ! ቅዳሜ፣ ጧ! ሩሐማ ወደ ቤት ሮጠች።

ማሕደር በሩን ከፍታ ስኳር ድንቹን በሹካ ወጋችው። ሹካው ትንሽ ገባና ቆመ።

«ገና ነው።»

«እሁድ ይጨመርለት!» አለች ሩሐማ።

ማሕደር ሁለት ደቂቃ ጨመረች። ሩሐማ በአንድ እግሯ እየዘለለች ወጣች። እሁድ፣ ጧ ጧ! «ቲንግ!» አለ ማይክሮዌቩ።

አሁን ሹካው ገባ። መሃሉ ላይ ግን ትንሽ ጠንከር አለበት።

«ሌላ አምስት ደቂቃ ልጨምርበት?» አለች ማሕደር።

ሩሐማ ያንን ጥቁር ስኳር ድንች አነሳች። ጠረጴዛውን መታችበት። «ኳ! ኳ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ!» አለች ማሕደር።

«ለአባባ ደግሞ ትኩስ አይሆንም። ሐኪሙ ለብ ያለ ብሏል» አለች ሩሐማ። «እስኪበርድ እንጠብቅ።»

ስኳር ድንቹን በሌላ ሳህን ከደኑት። ጠበቁ። መጠበቅ ከመዝለል ይከብዳል።

ጉር… ጉር… አለ የአባባ ሆድ።

ሩሐማ አሥሩን ጣቶቿን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። እንደገና፣ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ማሕደር ክዳኑን አነሳች።

ሹካው መሃሉ ድረስ ሰተት ብሎ ገባ። ስኳር ድንቹ ተቀምጦ ራሱን በራሱ አብስሏል!

ማሕደር ለሁለት ከፈለችው። ሩሐማ በማንኪያ አመጣችላቸው። አባባ ዳና ጎረሱ። አላኘኩም። ዋጡ።

«እህ!» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንደ ቅቤ ነው ልጆቼ።»

ደግመው ጎረሱ። ከዚያ ሩሐማን አጎረሷት፤ ማሕደርንም አጎረሷት። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

ሩሐማ ጆሮዋን የአባባ ሆድ ላይ አደረገች። አዳመጠች።

ዝም።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። አክስት ዝናሽ ናት። «ሲወጣ ወዲያው እንዳትቆርጡት ልል ነበር። ትንሽ ይረፍ።»

«አርፏል!» አለች ሩሐማ። «አሁን አባባ ሆድ ውስጥ ነው ያረፈው!»

ሲመሽ እማዬ ከሥራ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ፍሪጁን ነው።

«ዳንቴሌስ? ማይክሮዌቩን ማን ነካው? ለእንግዳ ነው አላልኩም?»

«እኔስ ማን ነኝ ልጄ?» አሉ አባባ ዳና ከሶፋው ላይ።

እማዬ አባቷን አየች። ባዶውን ሳህን አየች። ሳቀችና ጉንጫቸውን ሳመች። «ያበጠውን ተይው!» አሉ አባባ።

ከመተኛታቸው በፊት ማሕደር ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አወረደች። ከአርባው ሥር «በማይክሮዌቭ፦ 10 ደቂቃ» ብላ ጻፈች። ሩሐማ ደግሞ ከአርባው ጎን አራት ሰኞ ማክሰኞ ሳለች፤ ከአሥሩ ጎን አንድ ብቻ።

አሁን ሩሐማም ማንበብ ትችላለች።

በማግስቱ ጠዋት ሩሐማ አዲስ ጠጠር ይዛ ግቢ ወጣች። ጥቁር ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ስኳር ድንች ይሸታል።

ከሰኞ ሳጥን ፊት ቆማ ወረወረችው። «ኳ!» ብሎ በቀጥታ እሁድ ላይ አረፈ።

አባባ ዳናም ከቤት ውስጥ ጮክ ብለው፣ «ግቡ! በሩ ክፍት ነው!» አሉ።