ከአጥር ማዶ የሚሰማ ሳል

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ሁለት አስተማሪዎች አሉ፣ እነሱና የልጅ ልጄ ምንተስኖት መብራት በጠፋ ቁጥር «እማማ፣ ያንን የጤና ጣቢያውን» እያሉ ይነዘንዙኛል፣ እኔም እያረጀሁ ነው፣ ነገ አንዱን ከአንዱ ሳልቀላቅልባቸው አንድ ጊዜ ከነቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ግን ይህን እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አልነበርኩም። አባቴ ማንኪራ ጫካ ቀፎ ሰቅሎ፣ ማሩ እስኪቆረጥ ዛፍ ሥር ሲያድር የኖረ ሰው ነው፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን እዚያ ስታድር ምን አየህ?» ብዬ ብጠይቀው «ጦጣ» ነው ያለኝ። እኔም ብሆን እግሬ አርፎ አያውቅም፣ ዛሬ ቢታ ገነት እህቴ ዘንድ፣ ነገ ዋጫ ወንድሜ ዘንድ፣ ስንቱን ጭጋግ ለብቻዬ አቋርጬዋለሁ፣ ጅብ እንጂ ሌላ አላጋጠመኝም። ጎረቤቶቼ መንፈስ አየን ሲሉኝ «ምሳ በልታችሁ ነበር?» እያልኩ የማሾፍ ነበርኩ፣ እመኑኝ።

የሆነው ነሐሴ ላይ ነው። ምንተስኖት አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር፣ እናቱ ልጄ አስቴር ለስብሰባ ቦንጋ ሄዳ እኔ ነበርኩ አብሬው ያለሁት፣ ጠዋት ትኩሳት ብጤ ነበረው፣ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልብጦ መንዘፍዘፍ ጀመረ። በጀርባዬ አዝዬው ወጣሁ። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ አልናገርም፣ ከቦንጋ የግማሽ ቀን መንገድ ነው በሉ፣ ሰው ማስቀየም አልፈልግም፣ ደግሞም ጥፋቱ የግንቡ እንዳልሆነ ስትጨርሱት ታያላችሁ።

ቀኑ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ግን ጭጋጉ ከጫካው ወርዶ ግቢውን ሞልቶት መብራት አብርተው ነበር። በረንዳው ላይ ካርድ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረዋል። ዘበኛው ጋሽ ወልዴ አማቼን ያውቀዋል፣ ሲያየኝ «እትዬ ወለቴ፣ ይግቡ ይግቡ» ብሎ በመሃላቸው አሳለፈኝ፣ እነሱም እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ። ያኔ አላፈርኩም፣ ልጅ የሚንዘፈዘፍበት ሰው የማፈሪያ ጊዜ የለውም፣ አሁን ነው የማስበው። ድንገተኛ ክፍል እንደገባን ሲስተር ሰናይት የምትባል ከሰሜን የመጣች ልጅ፣ ገና በዚያው ዓመት የተመደበች፣ መርፌ ወጋችው፣ በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው፣ ትንሽ ቆይቶ ሰውነቱ ለቀቀና እንቅልፍ ወሰደው። እኔም ከአልጋው አጠገብ፣ በጓሮ በኩል ካለው መስኮት ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ይኼኔ ነው ሳል የሰማሁት። የበሽተኛ ሳል አይደለም፣ የበሽተኛውንማ ከየአልጋው እየሰማሁት ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮን የመጥረግ ያህል፣ ከዚያ ዝም። ያንን ሳል የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፣ ከሌላ አገር ለመጣችሁት ልንገራችሁ እንጂ። እኛ ዘንድ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ፣ ከሰልና እንጨት የሚሸጡ፣ ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ማንጆ ከእኛ ቤት አይገባም ነበር፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሁለት ጊዜ ይስልና እስኪጠራ ይጠብቃል፣ የሚበላ ከተሰጠውም በኮባ ቅጠል ነው። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ ዝናብ ለምን ይዘንባል ብሎ የሚጠይቅ አለ? አሁን ሕጉም ቤተ ክርስቲያኑም ከልክሏል፣ እግር ግን ያልለመደውን ደጃፍ ቶሎ አይረግጥም።

ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ከአጥሩ ማዶ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ የኮባ ቅጠል ለዝናብ ደፍታ አንዲት ሴት ቆማለች፣ ወጣት ናት፣ ፊቷ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል፣ ንጣት ብጤ አለው። «ልሙትልዎ፣ እናቴ» አለችኝ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ፣ የድሮ ሰላምታቸው ነው፣ ለእኛ ሰው እንዲህ ነበር የሚሉት።

«አንቺ አትሙቺ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ደረሰልዎ?»

«የምን ገንፎ ልጄ? እኔ የታመመ ልጅ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ገንፎም የለኝ።»

«ደግ፣» አለች ፈገግ ብላ። «የኔ ልጅ ግን አልተጠራችም።»

«የት ናት?»

«ከዋናው በር ውጭ፣ ዋንዛው ሥር።»

«ታዲያ ይዘሻት ግቢያ።»

«አስጠራሻለሁ ብለውኝ ነበር እኮ፣» አለች። ቂም የለበትም አነጋገሯ፣ የረሳ ሰውን በትህትና እንደማስታወስ ነው።

ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼባት ነው አልኩ በልቤ። «እሺ፣ እነግርልሻለሁ» ብዬ ወደ ሲስተር ዞርኩ፣ «ከአጥሩ ማዶ ሴት ቆማለች፣ ልጇ ታማባት» አልኳት። ሲስተር መጣች፣ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «እማማ፣ በዚያ በኩል እኮ ገደል ነው፣ አጥሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ያለው፣ ወፍ ካልሆነ ማን ይቆምበታል?» አለችና መስኮቱን ዘጋችው። «ደክሞዎት ነው፣ ሻይ ላስመጣልዎ።»

እኔም ደክሞኝ ነው አልኩ። ምን ልበል? ጎረቤቶቼን «ምሳ በልታችሁ ነበር?» የምል ሴት፣ ራሴ ምሳ አልበላሁም ነበር።

ሻዩ ሳይመጣ እንደገና ሳለች። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ድምፁ ግን ቀርቧል፣ መስታወቱ ላይ እንደ ትንፋሽ ያለ ጉም አረፈበት። ምንተስኖት ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በእንቅልፉ፣ «እማማ፣ ሴትዮዋ እየጠበቀችሽ ነው» አለ። ልጁ ካፊኖኖ አይሰማም፣ ስናወራም ተኝቶ ነበር። ሦስተኛው ሳል ከክፍሉ ደጃፍ መጣ። ሄጄ ከፈትኩ፣ ማንም የለም፣ ግን መድረኩ ሥር ያለው ሲሚንቶ አንድ ሰው ቆሞ የተንጠባጠበበት ያህል ረጥቧል፣ ውሃው ገና ከዳር እየሰፋ ነበር። የዚያን ቀን የሁላችንም እግር ቀይ ጭቃ ነበር፣ ኮሪደሩ በሙሉ ዱካ ነው፣ ያ ውሃ ያለበት ቦታ ላይ ግን አንድም ዱካ የለም። ከመድረኩ ወዲህ ደግሞ ጠብታ አላለፈም።

ምንተስኖትን ለሲስተር አደራ ብዬ ወጣሁ። «ጋሽ ወልዴ፣ ውጭ የታመመ ልጅ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ?»

«ወረፋው ይኸው ነው እትዬ፣ ሌላ የለም።»

«ዋንዛው ሥርስ?»

«እነዚያማ ከሰል ሻጮች ናቸው፣ ከገበያ ሲመለሱ እዚያ ያርፋሉ። ማንም አልጠየቀኝ።»

«አንተስ ጠየቅካቸው?»

«የሚያርፍን ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለና ሳቀ። «እትዬ ወለቴ ደግሞ ዛሬ ዘበኛም ሐኪምም ሊሆኑ ነው።»

ዋንዛው ሥር አንድ ሰውዬ ቁጢጥ ብሏል፣ ከፊቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለች ሴት ልጅ ተኝታለች፣ ምንተስኖትን የምታህል። ሲያየኝ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። የልጅቷ አፍንጫ ክፍት ክድን ይላል፣ የጎድን አጥንቷ በተነፈሰች ቁጥር ይቆጠራል፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያላችሁት?»

«ከጠዋት፣ እናቴ።»

«ለምን አልገባህም?»

«እስኪጠሩን ነው።»

ማን ይጥራችሁ ልለው ነበር፣ ተውኩት። ዘበኛው የመጣ የለም ብሎ ተቀምጧል፣ ይህ ደግሞ ካልተጠራሁ ብሎ ተቀምጧል፣ በመሃላቸው ልጅቷ ትንፋሿ እያለቀ ነው። ጎንበስ አልኩ ላነሣት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልደብቃችሁም፣ እጄ ቆመ። እናቴ እነሱን አትንኪ ብላ ነው ያሳደገችኝ፣ ያ ነገር የሞተ መስሎኝ ነበር፣ ክንዴ ውስጥ ግን ተኝቶ ኖሯል። እንደዚያ እንዳለሁ ከጀርባዬ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ያንኑ ሳል ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ሰውዬው ከፊት ለፊቴ ነው፣ ከጀርባዬ መንገዱ ባዶ ነው። አልዞርኩም። ልጅቷን አቅፌ ተነሣሁ፣ ቀላል ነበረች፣ እንደ ባዶ ቀፎ።

ጋሽ ወልዴ «ካርድ» ሊል አፉን ከፈተ፣ ፊቴን አይቶ ዘጋው። አባትየው በሩ ላይ ቆመ፣ «ግባ» አልኩት፣ ቆመ፣ «ጠርቼሃለሁ፣ ግባ» ስለው ጫማውን አውልቆ ገባ። ሲስተር ሮጣ ተቀበለችኝ፣ የሳንባ ምች ነው ብላ ኦክስጅን አደረገችላት፣ መርፌ ወጋቻት፣ አልጋ ስለሌለ ከምንተስኖት ጎን እግርና ራስ አድርጋ አስተኛቻቸው። «ግማሽ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ፣» አለችኝ፣ ሌላውን አልጨረሰችውም። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «እማማ፣ እዚያ መሆናቸውን ማን ነገረዎት?»

ለአባትየው፣ ስሙ ደስታ ነው፣ «ሚስትህን ጥራት እንጂ፣ በጓሮ በኩል ዝናብ ላይ ቆማለች» አልኩት። ጫማውን በእጁ እንደያዘ መሬት መሬት አየ። «እናቷ የለችም፣» አለ። «ቆንጂትን የማሳድጋት እኔ ነኝ።» ጥላው የሄደች መሰለኝ፣ አልጠየቅኩትም። እየመሸ ሲሄድ የልጅቷ ከንፈር መልኩ ተመለሰ፣ መስኮቱን ከፍቼ ወደ አጥሩ ባይ ጭጋጉ ብቻ ነው፣ ከሥሩ የወንዙ ድምፅ ይሰማል። «ተጠርታለች» አልኩ ቀስ ብዬ፣ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ። ከዚያ ወዲህ ጭጋግ በወረደ ቁጥር መስኮቴን ሳልዘጋ ነው የምቀመጠው።

እስከዚህ ያለውን ልጆቹ ያውቁታል። ቀጥሎ ያለውን ግን አልነገርኳቸውም፣ እኔም ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ደስታ በማር ወራት ትንሽ ማር ያመጣልኛል። መጀመሪያ የመጣ ቀን አጥሩ ጋ ቆሞ ሁለት ጊዜ ሲስል ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ገብቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጫፉ ላይ ቢሆንም። ባለፈው ዓመት እንዲህ ተቀምጦ ምንተስኖትን በመስኮት እያየ፣ «መቼ ነው የተወለደው?» አለኝ።

«የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ» አልኩት። ያንን ቀን መቼም አልረሳውም፣ አስቴር ምጥ ይዟት ገብታ፣ እኔ ለአራሷ ብዬ ገንፎ በድስት አድርጌ፣ በነጭ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ሙቀቱ መዳፌን እየፈጀኝ ስሮጥ፣ ስደርስ ልጁ ተወልዶ፣ እልል ብዬ፣ ማታ የአማቼ መሥሪያ ቤት መኪና በጎን በር ገብታ ወሰደችን። ዋናው በር ላይ ስገባ ሰላም ያለኝ ሰው ነበር፣ እኔም አንድ ነገር ብዬ አለፍኩ፣ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም።

«ቆንጂትም የዚያን ቀን ነው የተወለደችው፣» አለ ደስታ። «ቤት ወለደቻትና ደሙ አልቆም አለ፣ ሁለቱንም ተሸክሜ አምጥቼ ዋንዛው ሥር አስቀመጥኳቸው። ውሃ ፍለጋ ሄጄ ስመለስ ደስ ብሏት አገኘኋት። ከዚያ ጠበቅን፣ ፀሐይ አዘቀዘቀ፣ የጠራን የለም። ነፍሷ ከመውጣቷ በፊት ተነሺ ሌላ ጋ ልውሰድሽ ብላት አሻፈረኝ አለች።»

«ምን ብላ?» አልኩት።

ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። «ገንፎ በነጭ ጋቢ ጠቅልለው የያዙ እናት፣ ገብቼ አስጠራሻለሁ ብለውኛል፣ ሲጠሩኝ ቢያጡኝስ? አለችኝ።»