ፈሪሀ ፍየል የምትፈታው ለምንድን ነው?

እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እማዬ «ኢቅራ፣ ይሄን ጥያቄሽን ይዘሽ ባል ቤት ብትገቢ በሳምንትሽ ይመልሱሻል» ትለኛለች። ይመልሱኝ! ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ፈሪሀ ነው። ቆቦ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?» እያለ አውርቶባታል። መልሱን የሚያውቅን ሰው የጠየቀላት ግን አልነበረም።

ፈሪሀ ስድስት ዓመቷ ነው። እኛ ቤት የመጣችው በአደራ ነው። የአደራ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አሳዳጊ ያጣን ልጅ መንግሥት እያወቀው ሌላ ቤተሰብ ወስዶ ያሳድገዋል። ሶሻል ወርከር ደግሞ እየመጣች ልጁን ታየዋለች። የኛዋ ሶሻል ወርከር ቆንጅት ትባላለች። እናቴ ዓሊማ አባቴ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባት፣ ስለ የቲም ልጆች ሲወራ ሰምታ በራሷ እግር ሄዳ ነው «አንዷን ለእኔ ስጡኝ» ያለችው። ማንም አልገፋፋትም።

ልጅቷ ስትመጣ ዝምተኛ ነበረች። የሰጧትን ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። እማዬን በስሟ ነው የምትጠራት፤ «ዓሊማ፣ ውኃ ስጪኝ» ትላለች፣ ልክ እንደ እኩያዋ። እኛም እየሳቅን ለመድነው።

ከዚያ መፍታት ጀመረች።

መጀመሪያ የጫማዬን ክር ፈታች። ቀጥሎ የማሽላውን ጆንያ አፍ። ማሽላው ቤት ሙሉ ተደፋ። ከዚያ እማዬ የገዛችውን የእንጨት እስር በተነችው። ከሁሉ የባሰው ግን የጎረቤታችን የጋሽ አራጌ ፍየሎች ነገር ነው። ጋሽ አራጌ ፍየሎቻቸውን የኋላ እግራቸውን አስረው ቁርቁራው ዛፍ ሥር ያውሏቸዋል። ፈሪሀ ዞር ካልንላት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ ሁሉንም ትፈታቸዋለች።

አንድ ቀን ገበያ ይዘናት ሄድን። እማዬ በርበሬ ስትመርጥ አጠገባችን አንድ ገበሬ እግሩን አስሮ ያስቀመጠው ቀይ አውራ ዶሮ ነበር። ፈሪሀ ቁጢጥ አለችና ፈታችው። ወላሂ፣ ግማሹ ገበያ ዶሮ አባራሪ ሆነ! አንድ ጎረምሳ የሰው ሽንኩርት ክምር ላይ ወደቀ። ገበሬው «የማን ልጅ ናት ይቺ?» ብሎ ሲጮህ እማዬ ቀና አለችና «የኔ» አለች። ልጅቷ ግን ቀና ብላም አላየችው። ዶሮው የታሰረበትን ገመድ ነበር የምታየው።

መጀመሪያ ፍየል ስለምትወድ መስሎኝ ነበር። ቆይ እስቲ አልኩና ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ አየኋት። አታቅፋቸውም፣ አብራቸው አትጫወትም። ትፈታቸዋለች፣ ገመዱ የነበረበትን እግራቸውን ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ከዚያ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ሄዳ ቁጭ ትላለች።

«ፈሪሀ፣ ለምንድነው የምትፈቻቸው?» አልኳት።

«ታስረው ነዋ!» አለችኝ። ጅል ጥያቄ የጠየቅሁ ይመስል።

ቆንጅት የምትመጣ ቀን ደግሞ ቤታችን ሌላ ቤት ይሆናል። ገና «መንገድ ላይ ነኝ» ብላ ስትደውል እማዬ ልጅቷን አጥባ፣ ፊቷን ቅባት በቅባት አድርጋ፣ አዲሱን ቀሚስ ታለብሳታለች። በዚያ የቆቦ ሙቀት ካልሲ ታደርግላታለች፤ ለምን መሰላችሁ? ፈሪሀ በቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ጠባሳ አላት። እማዬ «እኛ ቤት የደረሰባት ይመስላቸዋል» ብላ ስለምትፈራ ካልሲውን ወደ ላይ ስባ ስባ ትሸፍነዋለች።

ቆንጅት ትገባለች፣ ትቀመጣለች።

«እትዬ ዓሊማ፣ እንዴት ናችሁ? የሚያስቸግር ነገር አለ?»

«አልሐምዱሊላህ! ምን ያስቸግራል? እንደ ስኳር የምትጣፍጥ ልጅ!»

እኔ አፌን ስከፍት እማዬ በእግሯ ትነካኛለች። ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ስል ምን ያህል እንደሚያሳክከኝ ብታውቁ!

አንድ ቀን ቆንጅትን እስከ በር ስሸኛት ጠየቅኋት። «ቆንጅትዬ፣ ፈሪሀ እኛ ጋ ሳትመጣ የት ነበረች?»

«ዘመድ ጋ።»

«ዘመዷ ምን ሆነና?»

«እሱን ተይው ኢቅራ። የልጅ ነገር ለሰው አይወራም።»

እና ሁለቱም ሴቶች፣ አንዷ በካልሲ፣ አንዷ በ«ተይው»፣ ያንኑ እግር ይደብቁ ነበር። ያኔ ግን ይሄ አልገባኝም።

ዝምታ ደግሞ ያስከፍላል። አንድ ከሰዓት ፍየሎቹ እንደተፈቱ አስፋልት ወጡ። ከጎብዬ በኩል የመጣ አይሱዙ ፍሬኑ እየጮኸ ቆመ። የጋሽ አራጌ ነጭ ፍየል እግሯ ተሰበረ። ፈሪሀ ፍየሎቹን ተከትላ ወጥታ ኖሮ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆማለች። ሹፌሩ ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ «ልጅቷን እኮ ልበላት ነበር!» እያለ ጮኸ። እማዬ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ ያን ቀን ነው ያየኋት።

ጋሽ አራጌ ወደ ማታ ላይ መጡ። ተቆጥተው የሚመጡ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን የመጡት ሊመክሩ ነው።

«እታለም ዓሊማ፣ ፍየሏስ ትዳን አትዳን፣ ተያት። ይቺ ልጅ ግን አንድ ቀን መኪና ይበላታል። ስትወጪ እሰሪያት።»

«እንዴት ጋሽ አራጌ? ልጅ ይታሰራል እንዴ?»

«ምን አለበት? እናቴ ማሽላ አጨዳ ስትወርድ ከምሰሶው ጋር አስራኝ ነበር የምትሄደው። እዚህ ቆላ ስንቱ እንደዚያ አድጓል! ይኸው፣ ምን ሆንኩ?»

ጋሽ አራጌ በዚህ ዕድሜያቸው ከጎብዬ አልፈው ሄደው አያውቁም። በሆዴ «ገመዱ አጥሮ ይሆናል» አልኩ። ጮክ ብዬ አላልኩም፣ አትስጉ።

ሲወጡ እማዬን «ለቆንጅት እንንገራት» አልኳት።

«ምን ብዬ? አቃተኝ ብዬ? ነገውኑ መኪና ይዘው መጥተው ሮቢት ላለ ሌላ ሰው ይሰጡብኛል። የቤት ገመና ለመሥሪያ ቤት አይወራም።»

«እሷ ግን የምታውቀው ነገር ቢኖርስ?»

«ብታውቅ ትነግረኝ ነበር።»

አያችሁ? እማዬ ቆንጅት ብታውቅ ትነግረኝ ነበር ትላለች። ቆንጅት ደግሞ ችግር ቢኖር እትዬ ዓሊማ ትነግረኝ ነበር ብላ ታስባለች።

በማግስቱ ጠዋት ጎብዬ ለቅሶ ነበረብን። ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ያቃጥላል፣ ለቅሶ ቤት ሕፃን ይዞ መዋልም አይመችም። እማዬ ልብሷን ለብሳ ጨርሳ ቆመች። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ አሮጌ ሻሽ አወጣች።

«እማዬ፣ ተይ» አልኳት።

«ለስላሳ ነው። ሻሽ ነው እኮ። ቶሎ ነው የምንመለሰው። መኪና ከሚበላት አይሻልም?» እኔን አታየኝም ነበር፣ ሻሹን ነው የምታየው።

ፈሪሀ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሻሹን አየችው። አላለቀሰችም፣ አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጥታ አልጋው እግር ሥር ቁጭ አለች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና ግራ እግሯን ዘረጋች።

«በዚህኛው እሰሪኝ» አለች። «ያኛው ያመኛል።»

ሻሹ ከእማዬ እጅ ወደቀና እሷም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያንን ስትሸፍነው የኖረችውን ቀኝ እግር ይዛ ጠባሳውን በጣቷ ዞረችው። ዙሪያውን ነው። ድፍን ክብ ነው።

«ያ አላህ» አለች። «ኢቅራ፣ ለቆንጅት ደውዪልኝ።»

«ለቅሶውስ?»

«ሟቹ ይጠብቀኛል። ይቺ አትጠብቅም።»

ቆንጅት በባጃጅ መጣች። በዚያን ቀን ቅባት የለም፣ ካልሲ የለም። እማዬ ሳትቀመጥ ጀመረች። ዶሮውን፣ ማሽላውን፣ ፍየሎቹን፣ አይሱዙውን፣ ሁሉንም አወራችላት። መጨረሻ ላይ ሻሹን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ዛሬ በዚህ ላስራት ነበር። ከወሰድሽብኝም ውሰጂ። ሳልነግርሽ ግን አላድርም።»

ቆንጅት ፊቷ ልውጥ አለ። ፈሪሀን ውጪ እንድትጫወት ላከቻትና ቀስ ብላ ነገረችን። ፈሪሀ እናቷ ስትሞት ዋጃ አካባቢ አክስቷ ወስዳት ነበር። አክስቷ የቀን ሠራተኛ ናት፣ የሰው ሽንኩርት ትኮተኩታለች። ቤቷ አጠገብ የመስኖ ቦይ አለ። ልጅቷ ውኃ ውስጥ እንዳትገባ ፈርታ፣ ሥራ ስትሄድ እግሯን ከአልጋው ጋር ታስራት ነበር። አንድ ቀን አክስቷ ሥራ ላይ ወደቀችና ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ እዚያው ተኛች። ፈሪሀ እንደታሰረች አደረች። እግሯ የተላጠው ገመዱን ለመፍታት ስትታገል ነው።

«ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ» አለች ቆንጅት። «ልጅቷን የምታስይዘው ሰው አጥታ ነው።»

ገመዱ የነበረበትን የፍየሎቹን እግር ጎንበስ ብላ የምታየው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እንደዚያ ቀን መልስ ጠልቼ አላውቅም።

እማዬ ግን ተነሣች። «ይሄን እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«የልጅን ጉዳይ ለሰው አትናገሩ ተብለን ነው የተማርነው፣ እትዬ ዓሊማ። ሰፈር እንዳያወራባት ብዬ...»

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ? ጎኔ እኮ ነው የምትተኛው! ቀኝ እግሯን እንደሚያማት እኔ ካላወቅሁ ማን ይወቅ?»

ቆንጅት አንገቷን ደፋች። «ልክ ነዎት። ለጎረቤት አይነገርም፤ ለእርስዎ ግን መናገር ነበረብኝ። እርስዎስ ቢሆኑ? በመጣሁ ቁጥር እንደ ስኳር ነች ይሉኛል። እኔ የሰማሁት ደህና ናት ነው። ፍየል እንደምትፈታ ባውቅ ኖሮ ያን ቀን እነግርዎ ነበር።»

ከዚያ እማዬ ፈራ ተባ እያለች «አሁን ትወስጃታለሽ?» አለች።

«ለመሥሪያ ቤት መናገር አለብኝ፣ አልደብቅም። ስናገር ግን ራስዎ ደውለው እንደጠሩኝም እናገራለሁ።»

የዚያን ሳምንት ጭንቀት አታንሡብኝ። እማዬ እህል አልበላ አላት። በመጨረሻ ቆንጅት ከኃላፊዋ ጋር መጣች። ሰውዬው ብዙ ጠየቁ፤ ፈሪሀንም «የት መሆን ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

«ዓሊማ ጋ» አለች። «ፍየሎቹም እዚያ ናቸው።»

ሰውዬው ሳቃቸውን ያዙ። ቀረችልን።

ከዚያ ወዲህ ቆንጅትና እማዬ አብረው ነው የሚሠሩት። እማዬ የሆነ ነገር ባየች ቁጥር ትደውላለች፣ አንዳንዴ ያበዛችው ይመስለኛል። ቆንጅት የምታውቀውን ትነግራታለች። እማዬ ስትወጣ ፈሪሀን ዓይኗን እያየች ወዴት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ትነግራታለች፣ በተናገረችውም ሰዓት ትመለሳለች። ከቻለችም ይዛት ትሄዳለች። መላ ያጡለት የፍየሎቹ ነገር ብቻ ነበር። ቆንጅት «ለጋሽ አራጌ ልጅቷ ያሳለፈችውን ሳንነግር የምንጠይቃቸው ነገር አለ» አለች። ጠየቅናቸው፤ ፍየሎቹ ለግጦሽ በሚወጡበት ሰዓት እሳቸው ባሉበት የምትፈታቸው ፈሪሀ ትሁን አልናቸው። እያጉረመረሙ እሺ አሉ።

ነጯ ፍየል እግሯ በሸምበቆ ታስራ ዳነች። እሷንም ፈሪሀ ልትፈታት ስትል ጋሽ አራጌ «ይሄኛው እስር መድኃኒት ነው» ብለው ብዙ አስረድተዋታል። አንድ ቀን ታዲያ ልጅቷ ገመዱን ይዛ ጠየቀቻቸው።

«አራጌ፣ ለምንድነው የምታስራቸው?»

«እንዳይጠፉብኝ ነዋ፣ ሚጣ።»

«ብትጠራቸው አይመጡም?»

ጋሽ አራጌ በምላሳቸው ቅጭ ቅጭ አደረጉ። ፍየሎቹ ከአጥሩ ጥግ ሁሉ እየተጋፉ መጡ። «እንዴ!» አሉ፣ ራሳቸው የገረማቸው ይመስል። ከዚያ እማዬን በአጥሩ ላይ አዩና «እታለም፣ ያን ዕለት እሰሪያት ያልኩሽን ነገር እንዳልተናገርኩት ቁጠሪው» አሉ።

እንግዲህ የኔን ጥያቄ መልስ አገኛችሁት። እናንተስ? ልጅ በአደራ የወሰዳችሁ ካላችሁ ለሶሻል ወርከራችሁ ደህናውን ብቻ አትንገሩ። ያስቸገራችሁን ንገሩ፤ ያቃተው ሰው አይደለም ልጅ የሚነጠቀው፣ አቅቶት ዝም ያለ ነው ልጅ ላይ የሚሳሳተው። ሶሻል ወርከር የሆናችሁም፣ ልጁን ለሚያቅፈው ሰው ልጁ የት ላይ እንደሚያመው ንገሩት። ልጅ ማሰርስ? በሻሽም ቢሆን፣ በፍቅርም ቢሆን፣ ተዉት። የሚጠብቅላችሁ ሰው ካጣችሁ ጎረቤት ጥሩ።

ትናንት እማዬ ጎብዬ ልትሄድ ስትነሣ ፈሪሀ እኔ ጋ ልትቀር ነው። እማዬ በሩ ጋ ቆማ እንደ ወትሮዋ «ከአጥሩ እንዳትወጪ፣ ከዙህር በፊት እመጣለሁ፣ እሺ?» ትላለች። ፈሪሀ የጫማዋን ክር እየጎተተች ቀና አለች።

«አብሽሪ ዓሊማ» አለቻት። «ከጠራሽኝ እመጣለሁ።»