ጀልባዋን የቀዘፈው ሰው

የፎቶ አንሺውን አስከሬን ከወንዙ ያወጡት ጠዋት ነው። መርማሪዋ ቀኝ እጁን ደጋግማ አየችው፤ የአራቱም ጣቶቹ አንጓ ተቀጥቅጧል። በሥራው ሠላሳ ዓመት ቢሞላትም፣ እንዲህ ያለውን ዛሬም አልለመደችውም።

እህቱ ነርስ ናት። በዚህ ዓለም የነበሯት ወንድሟና ባሏ ብቻ ነበሩ።

«ኢንስፔክተር፣ ሌላው ቢቀር ባሌን እንዳያንገላቱብኝ» አለች። «ጀልባዋን ስለሠራ፣ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው እሱን ነው።»

መርማሪዋ ቃል አልገባችላትም።

ትናንት ከቀትር በኋላ ሦስት ጓደኛሞች፣ ፎቶ አንሺው፣ የነርሷ ባል አናጺውና መምህሩ፣ ዛፍና ሐረግ የዋጠውን ወንዝ ሊያዩ በትንሽ ጀልባ ገቡ። የተመለሱት ሁለቱ ናቸው።

«ግንድ መታን፤ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ» አለ አናጺው። «ብቅ እንኳ አላለም።»

«ማን ነበር የሚቀዝፈው?»

«እኔ ነኛ! የገዛ ጀልባዬን ለማን እሰጣለሁ?»

መምህሩም ለብቻው ሲጠየቅ ያንኑ አለ። «እኔ ከኋላ ተቀምጬ የሚገባውን ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ እደፋ ነበር። መቅዘፊያ አልነካሁም፤ እኔና ጉልበት የት ተዋውቀን?» ለመቀለድ ሞከረ። ሻዩን የሚያነሳው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ወንዙ ዳር ወርዳ ጀልባዋን ዞረቻት። ከኋላ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ እንደ ማጭድ የጎበጡ ሦስት አዳዲስ ስርጉዶች አገኘች። የቆርቆሮውን ጣሳ አፍ ብታስጠጋው ልክክ አለ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷን፣ አናጺውንና መምህሩን በአናጺው ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ እንደወደቀ አልሰመጠም» ብላ ጀመረች። «የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ነበር። የያዘበትን እጅ ሰው በጣሳ መትቶታል፤ የሳተው ምት እንጨቱ ላይ ቀርቷል። ጣሳው በማን እጅ ነበር? በእናንተ ቃል፣ በመምህሩ።»

ነርሷ መምህሩ ላይ አፈጠጠች።

«መዳፍህን አሳያት» አለችው መርማሪዋ።

እያመነታ ዘረጋ። ውሃ የቋጠረው ቆዳ ፈንድቶ ተልጧል።

«ጠመኔ መዳፍ አይልጥም። ስትቀዝፍ የዋልከው አንተ ነህ። የቀዛፊ ሁለቱም እጆች ተይዘዋል። ፊቱ ደግሞ ወደ ኋላ ነው፤ ከኋላ ጣሳውን ይዞ የተቀመጠው ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ያያል። አናጺው ቀዘፍኩ ያለው፣ ያንን የጠነከረ መዳፉን አይቶ ማንም አይለይም ብሎ ነው። ያንተን መዳፍ ረሳው።»

መምህሩ ተንሰቀሰቀ። «ትዳሬን አታፍርስብኝ ብሎ ለመነኝ።»

«ጀልባዋ የምትችለው ሁለት ሰው ነበር» አለ አናጺው አንገቱን ደፍቶ። «ስሠራት ልኬት ተሳስቼ አጠበብኳት። ለሦስት ትበቃለች ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ስለነበር መናገር አፈርኩ። እሱ ሲንጠለጠል ተጋደለች፣ ውሃ ገባ። ልቀቅ አልኩት። አልለቅ አለኝ።»

ነርሷ አላለቀሰችም።

«ትናንት ከወንዙ ስትወጣ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችው። «በርዶህ መስሎኝ ብብቴ ውስጥ ከትቼ ያሞቅኩት ይሄንን እጅ ነው።»

አናጺው ለካቴናው ሁለቱንም እጆቹን ሰጠ። መርማሪዋ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ነርሷ ዞር አለች።

«አብሮሽ የሚሆን ሰው ማንን ልጥራልሽ?»

«ማን ቀረኝና?»